ረቡዕና ዓርብ፣ በዘጠኝ ሰዓት

ሐርጌሳ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አክስቴ፣ ለእትዬ አትጠገብ፤

ይህ ወረቀት ከእጅዎ ሲገባ እርስዎንም ጋሼ የጌታሁንንም በጤና እንዲያገኛችሁ፣ ጅጅጋም ሰላም ውላ እንድታድር አምላክን እለምናለሁ። እኔና መላኩ ደህና ነን። ደህና ነን ስል ጤናችንን ማለቴ ነው።

በስልክ ልነግርዎት አስቤ ነበር፤ ግን የምንደውለው ከመላኩ አሠሪ ሱቅ ስለሆነ ሻይ የሚጠጣው ሁሉ ጆሮውን ያቆማል። ጎረቤታችሁ ፋርቱን ልብስ ልትነግድ የቶጎጫሌን ጠረፍ ተሻግራ በመጣች ቁጥር ሳታየኝ አትመለስም፤ ይህንንም በእሷ እጅ ነው የምልከው። እትዬ፣ ነፍሰ ጡር ነኝ። ሦስት ወር ሆነኝ። ጠዋት ጠዋት ያስመልሰኛል፤ የናፍጣ ሽታ ደግሞ ጨርሶ አልስማማኝ አለ። መላኩ የሚጠግነው ጄኔሬተር ስለሆነ ሽታውን ለብሶ ይገባል፤ ምን ይደረግ።

ስለ ቤታችሁ ሳላስብ የምውልበት ቀን የለም። ከሰባት ዓመቴ እስክዳር እዚያ ኖሬ፣ እርስዎና ጋሼ አንድ ቀን እንኳ ስትነታረኩ አልሰማሁም። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። አባ አሥራት ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሊጋቡ የሚመጡትን ሁሉ "ሂዱና የነየጌታሁንን ቤት አይታችሁ ኑ" ይሉ ነበር። እንግዳ ሆነው የመጡ እጮኛሞች በረንዳችን ላይ ተቀምጠው በአድናቆት ሲያዩዋችሁ አስታውሳለሁ፤ እኔም እኮራ ነበር። ከሁሉም ዓይኔ ላይ ያለው ግን ረቡዕና ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት፣ ጾም ከመፍታታችሁ በፊት፣ ጓዳ ገብታችሁ በሩን ዘግታችሁ የምትጸልዩት ነው። እኔ ግቢው ውስጥ በእግሬ ጣት ነበር የምሄደው። ስትወጡ ፊታችሁ ሌላ ሆኖ ነው የምትወጡት።

ያንን ጸሎት ጽፈው ይላኩልኝ። ከየትኛው መዝሙር እንደሚጀምር፣ ስንት እንደሚሰገድ፣ ሁሉንም። እዚህ የምጠይቀው ካህን የለኝም። በርበሬም ካለ ጥቂት።

የጋሼን ጉልበት ስሜያለሁ።

ልጅዎ ገሊላ


ጅጅጋ፣ ኅዳር 3 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለልጄ ለገሊላ፤

የእግዚአብሔር ሰላም ከአንቺና ከባልሽ፣ ሆድሽ ውስጥም ካለው ጋር ይሁን። ደብዳቤሽን ፋርቱን ከልብስ እስሯ መሀል ፈልጋ ስትሰጠኝ ቆሜ ነበር ማንበብ የጀመርኩት፤ ነፍሰ ጡር ነኝ የምትይበት ጋ ስደርስ ተቀመጥኩ። እኔ ዕንባ ሲቀድመኝ ፋርቱን ለሁለታችንም እልል አለችልሽ። "ወንድ ከሆነ ስሙን እኔ ነኝ የማወጣው" ትላለች። ሮብሌ ልትለው አስባለች። እኔ ደግሞ ካህኑ ያወጣልና አርፈሽ ተቀመጪ ብያታለሁ።

በርበሬውን ልኬልሻለሁ፤ ሽሮም አለበት። አይብዛብሽ፣ ቃር ያስነሳብሻል። ናፍጣውን በተመለከተ፣ ልብሱን ውጭ አውልቆ እንዲገባ ንገሪው። ዝም ብለሽ አትታመሚ። አፍ አለሽ፣ ንገሪው።

ያልሽውን ጸሎት ጊዜ ሳገኝ እጽፍልሻለሁ። አሁን ጾሙ ሊገባ ነው፣ ቤቱም ሥራ በዝቶበታል። ጋሼሽ ሰላም ብሎሻል።

ማርያም በሽልም ታውጣሽ።

አክስትሽ አትጠገብ


ሐርጌሳ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለእናቴም ለአክስቴም፣ ለእትዬ አትጠገብ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎት፣ ለልደቱም ያድርስዎት። በርበሬው ሲከፈት ጠረኑ ቤቱን ሞላው፤ መላኩ ሳይቀር "ጅጅጋ ገባች" ብሎ ሳቀ። ከሳቀ ቆይቶ ነበር።

ጋሼ ከደብዳቤዎ ግርጌ በዚያ በሚያምር የጽሕፈት ቤት እጃቸው ሁለት መስመር ሳይጨምሩ ቀርተው አያውቁም። በዚህኛው ግን የለም። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውንም አየሁ። አስቀይሜያቸው ይሆን?

ጸሎቱም አልደረሰኝም። እትዬ፣ ቸኩያለሁ። የምጠይቀው ለወጉ አይደለም። መላኩ ይቆጣል። ሲቆጣ እኔ እርስዎ ቤት የተማርኩትን አደርጋለሁ፤ አንዲት ቃል አልመልስም። መኝታ ክፍል ገብቼ በሩን እዘጋና እጸልያለሁ። ሲበርድለት እወጣለሁ። ግን አይበርድለትም፤ እንዲያውም ይብስበታል። ባለፈው ሳምንት በሩ ላይ ቆሞ "ምን አጠፋሁ? ተናገሪ እንጂ!" አለኝ። ዝም አልኩ። "እግዜር ጋ ልትከሺኝ ነው የገባሽው? እኔስ አንቺን ማን ጋ ሄጄ ልክሰስ?" አለና ወጥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲመለስ ቶሎ አይገባም፤ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይቆያል።

ስለ ልብሱ አልነገርኩትም። እርስዎ ጋሼን "እንዲህ አድርግ" ሲሉ ሰምቼ አላውቅም፤ ታዲያ እኔ በምን አንደበቴ? የጎደለኝ ጸሎቱ ነው ብዬ አምናለሁ። እባክዎን ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ገሊላ


ጅጅጋ፣ ጥር 16 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለልጄ ለገሊላ፤

የጥምቀቱ በረከት ይድረስሽ። ዘገየሁ፣ አትቀየሚኝ። በዓሉም አለ፣ ሌላም ሌላም ነበረ።

ጋሼሽ አንቺን የሚቀየምበት ልብ የለውም። ቀኝ እጁን ትንሽ አሞት ነው ያልጻፈልሽ።

የምንጸልየው አባታችን ሆይ ነው። እሱን ታውቂዋለሽ። ሌላ የተደበቀ ጸሎት የለንም።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። መላኩ ተናገሪ ሲልሽ ዝም አልሽ። ዝም ባትዪ ኖሮ የምትናገሪው ምን ነበር? እስቲ ለእኔ ጻፊልኝ። የለም እንዳትዪኝ፤ እኔ ነኝ ያሳደግሁሽ።

አክስትሽ አትጠገብ


ሐርጌሳ፣ ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለእትዬ አትጠገብ፤

ቸሩ አምላክ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ጠየቁኝ፣ እነግርዎታለሁ።

መላኩ ሲያገባኝ "ሁለት ዓመት ሐርጌሳ ሠርተን ጅጅጋ እንመለሳለን" ብሎኝ ነበር። በእሱ ቃል ነው ከእናንተ የተለየሁት። ሁለቱ ዓመት ነሐሴ ላይ ሞላ። ሻንጣዬን ማዘጋጀት ጀምሬ ነበር። እሱ ግን ለእኔ ትንፍሽ ሳይል ውሉን ለተጨማሪ ሁለት ዓመት አድሷል። የሰማሁት ከሱ አይደለም፣ ከአሠሪው ሚስት ነው። "እንኳን ደስ አለሽ" ስትለኝ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ አመሰገንኳት። ቤት መጥቼ ዕቃዎቼን ከሻንጣው አወጣሁ። እሱም አየኝ፣ እኔም አየሁት፤ ምንም አልተባባልንም። የምናገረው ይኼ ነበር እትዬ። አልተናገርኩትም።

አሁንስ ሰልችቶኛል። ጸሎቱ ይቅርብኝ። የምለምንዎት ሌላ ነው፤ ጓዳውን ያስለቅቁልኝ። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው ብዬው ተስማምቷል፤ መጋቢት መጀመሪያ ላይ ከፋርቱን ጋር እመጣለሁ። እሱ ለወሊድ ብቻ ይመስለዋል። እኔ ግን አልመለስም። ልጁን እዚያው አሳድጋለሁ፤ ለእርስዎም ለጋሼም ልጅ ይሆናችኋል።

እናንተን ያልመሰልኩት ምን አጉድዬ እንደሆነ ዛሬም አላወቅሁም። እናንተ ያደረጋችሁትን ሁሉ አድርጌያለሁ። አንድ ቀን ድምፄን ከፍ አላደረግሁም። እናንተ ቤት ሰላም የሆነው እኔ ቤት ለምን እንደዚህ እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቀው።

ፋርቱን ስትመለስ "ነዪ" የምትል አንዲት ቃል ጽፈው ይላኩልኝ። ለመላኩ ምንም አይጻፉ።

ልጅዎ ገሊላ


ጅጅጋ፣ ረቡዕ፣ የካቲት 9 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለልጄ ለገሊላ፤

እግዚአብሔር እኔ የምጽፈውን አንቺም የምታነቢውን ይባርክ፤ ለሁለታችንም ከባድ ነውና።

አንዲት ቃል ብለሽኛል። አንዲት ቃል አልበቃኝም። ቁጭ ብለሽ አንብቢው፣ ሆድሽንም ደገፍ አድርጊው።

ገሊላ፣ ረቡዕና ዓርብ ጓዳ ገብተን በር የምንዘጋው ልንጣላ ነበር።

አትሳቂ፣ አታልቅሺም። እውነቴን ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳምንት በገባ ቁጥር እኔና ጋሼሽ ተጣልተናል። ካንቺ ለመሸሸግ በሹክሹክታ ነበር የምንጣላው፤ በሹክሹክታ መጣላት ምን ያህል እንደሚያደክም የሞከረው ያውቀዋል። አንቺ በእግርሽ ጣት ስትሄጂ እኔ ውስጥ ሆኜ "ግትር! ድንጋይ ራስ!" እያልኩት ነበር።

ነገሩን የጀመሩልን አባ አሥራት ናቸው። በጦርነቱ ሸሽተን ድሬዳዋ ከርመን ስንመለስ ቤታችን ባዶ ሆኖ ጠበቀን፤ እኛም ነገር ፈላጊዎች ሆነን ነበር። እኔ እጮኻለሁ፣ እሱ ወጥቶ ይሄዳል። ወይ እሱ ይጮኻል፣ እኔ ሳምንት አኮርፋለሁ። አንድ ቀን አባ አሥራት ጋ ሄጄ "አባቴ፣ እንዳንጣላ ጸልዩልን" አልኳቸው። ምን አሉኝ መሰለሽ? "እንዳትጣሉስ አልጸልይም፤ እንደ ክርስቲያን እንድትጣሉ ግን ላስተምራችሁ።" ሁለታችንንም ጠሩን። የምትጾሙት ረቡዕና ዓርብ ነው፣ ጠባችሁንም ለእነዚያ ቀኖች አቆዩት አሉን። በሌላው ቀን የከነከነህን ያዘው፣ አትትፋው። በዘጠኝ ሰዓት ገብታችሁ ተቀመጡ፤ ቆማችሁ አትነጋገሩ። የዚያን ሳምንቱን ብቻ አንሱ። የማንም እናትና አባት እንዳይጠራ። የሆዳችሁን ከተነጋገራችሁ በኋላ አባታችን ሆይን አብራችሁ ጀምሩ። ስለ ይቅርታ የምትለዋ ጋ ስትደርሱ ከሁለት አንዳችሁ ከልባችሁ ማለት ካቃታችሁ ዝም በሉ፤ አልጨረሳችሁምና ወደ ጠቡ ተመለሱ። ጸሎቱ እስኪያልቅ እህል የሚባል እንዳትቀምሱ።

ይኸው ነው ጸሎቱ። ሳልዋሽሽ አልቀረሁም እንጂ አባታችን ሆይ ነው ያልኩሽ እውነት ነበር።

አንዳንድ ቀን በአምስት ደቂቃ እንወጣለን። አንዳንድ ቀን ሦስት ጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ እንቆማለን፣ ርሃቡ ሆዳችንን ይቆርጠዋል፣ መጨረሻ ላይ ማን ልክ እንደነበረ ጠፍቶብን እንስቃለን። ስንወጣ ፊታችን ሌላ ነው ያልሽው ለዚህ ነው። በዓለ ሃምሳ ሲገባ ጾም ስለሌለ ጠቡንም ማቆየት ነበረብን፤ ከጰራቅሊጦስ በኋላ ያለችውን ረቡዕ ግን አታንሺብኝ።

አንድ ሰው ብቻ ያውቃል፣ ፋርቱን። ማድቤቷ ከጓዳችን ጋር ግድግዳ ይጋራል። በማግሥቱ አጥር ላይ ሆና "አባዮ፣ ወላሂ ትናንት እሱ ነው ልክ" ትለኛለች። አባዮ የምትለኝ እህቴ ማለቷ ነው። ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ከሁሉ የከፋው ዓርብ እግዚአብሔር ልጅ የከለከለን በማን ጥፋት ነው ብለን የተጣላንበት ነው። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ዘለቀ። ክፉ ነገር ተነጋገርን፤ ሌላ ቀን ቢሆን አንዳችን ወጥተን በቀረን ነበር። ረቡዕም ጠቡ ሳያልቅ ቀረ፣ በሚቀጥለው ዓርብ ጋሼሽ ጸሎቱ መሀል ቆመና "ያንቺ ወንድም ሚስቱ ሞታበት ሕፃን ልጅ ይዞ ድሬዳዋ ተቸግሯል፤ ለምን አናመጣትም?" አለኝ። ሰኞ ለት ሄደን አንቺን ይዘን መጣን። አንቺ የመጣሽልን ከዚያ ጠብ ውስጥ ነው ልጄ።

ይህን ሁሉ ለምን ደበቅሁሽ? ስለ ስሜ ነው። እጮኛሞቹ በረንዳዬ ላይ ተቀምጠው ሲያደንቁኝ ደስ ይለኝ ነበር። አባ አሥራት የሚልኳቸው ጓዳውን እንድነግራቸው ነበር፤ እኔ ግን በረንዳውን ብቻ አሳይቼ እሸኛቸዋለሁ። ኃጢአት ነው፣ ተናዝዣለሁ። አንቺንም ያሳየሁሽ በረንዳውን ብቻ ነው። አንቺ ምስኪን ደግሞ ዝምታውን ወርሰሽ ሄድሽ። ደብዳቤሽን ሳነብላት ፋርቱን ተቆጣች፤ "ለልጅቷ እውነቱን አንቺ ካልነገርሻት እኔ እነግራታለሁ" አለችኝ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ጋሼሽ እጁን ብቻ አይደለም ያመመው። በመስቀል ማግሥት ደም ግፊት ጥሎት ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሏል፣ አንደበቱም ተይዟል። ይሰማል፣ ያውቀናል፣ አይናገርም። ያልነገርኩሽ ላስታምም ብለሽ ባልሽን ጥለሽ የምትመጪበት ምክንያት እንዳልሰጥሽ ነው። አንቺ ግን ምክንያት ከሌላ ቦታ አገኘሽ።

ዛሬ ረቡዕ ነው። በዘጠኝ ሰዓት ወንበሬን ከአልጋው አጠገብ አስጠግቼ "በዚህ ሳምንት ምን በደልኩህ?" አልኩት። ዓይኑ ዕንባ ሞላ እንጂ ቃል አልወጣውም። አባታችን ሆይን ብቻዬን ጀምሬ ብቻዬን ጨረስኩ፣ የሚያስቆመኝ አልነበረም። ቤቱ አሁን ጸጥ ብሏል ገሊላ። አንቺ ስታደንቂው የኖርሽው ጸጥታ አሁን ነው የመጣው። አልወደድኩትም። አንድ ጊዜ "ግትር" ቢለኝ ምን አለበት እላለሁ።

አንቺ ግን የሚመልስልሽ ሰው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ግባ በይው። ዓርብ ሐርጌሳ የሥራ ቀን አይደለም፣ ጊዜ አለው። አንቺ ነፍሰ ጡር ነሽና ብዪ፤ እሱ ይጹም፣ ቶሎ ለመጨረስ ይረዳዋል። ስለ ውሉ ንገሪው። አልመለስም ያልሽውንም ንገሪው።

ጓዳው ክፍት ነው። ነግረሽው ከመጣሽ፣ ልትወልጂም ሆነ ልትቀሪ፣ ቤትሽ ነው። ሳትነግሪው ከመጣሽ ግን መጀመሪያ የምጣላሽ እኔ ነኝ።

እናትሽም አክስትሽም አትጠገብ


ሐርጌሳ፣ የካቲት 20 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፣ ለእትዬ አትጠገብ፤

ጋሼን የመታቸው እሱ ይማራቸው፣ ለእርስዎም ብርታቱን ይስጥዎት። ስለ እሳቸው ሳነብ ያለቀስኩትን ፋርቱን ትነግርዎታለች። ከጎኔ ተቀምጣ አብራኝ አለቀሰች፣ ጓዳው ጋ ስደርስ ደግሞ አብራኝ ሳቀች። እትዬ፣ ከዚህ በፊት ሳደንቅዎት የኖርኩት ሳላውቅዎት ነበር። አሁን አውቄ አደነቅሁዎት።

ከትናንት ወዲያ ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ወንበር አቀረብኩለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። "ምንድን ነው? ማን ሞተ?" አለኝ። ማንም አልሞተም፣ ልንጣላ ነው አልኩት። መጀመሪያ የቀለድኩ መሰለው። ከዚያ ስለ ውሉ ጀመርኩ። በሹክሹክታ ለመጣላት አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም፣ ጮኽኩ። ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩት ሁሉ፣ የናፍጣው ልብስ ሳይቀር፣ ወጣ፤ የዚያን ሳምንቱን ብቻ የሚለውን ሕግ አፍርሻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።

እሱም ተናገረ። ውሉን ያደሰው ለገንዘብ አይደለም እትዬ፣ ፈርቶ ነው። "ጅጅጋ ከተመለስን እትዬ ቤት ትገቢና አትወጪም ብዬ ነው። ባለፍሽ ባገደምሽ የጋሼ ቤት እንዲህ አልነበረም ትያለሽ። እኔ ድምፅ ያለው ሰው ነኝ፤ ድምፅ ከሌለበት ቤት ጋር እንዴት ልወዳደር?" አለኝ። ጓዳውን ነገርኩት። ደብዳቤዎን ከእጄ ወስዶ ራሱ አነበበው፣ ሁለት ጊዜ። ልጅ ስላጣችሁበት ዓርብ የሚለውን ሲያነብ ፊቱን አዞረ።

ቀጥሎ አልመለስም ብዬ አስቤ እንደነበር ነገርኩት። ያን ጊዜ አልጮህኩም።

አባታችን ሆይን ጀመርን። ሁለት ጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ ቆምን፤ አንዱን እኔ፣ አንዱን እሱ። በሦስተኛው አለፍነው። ስንጨርስ ወንበሩን እንኳ ሳይመልስ ሄዶ ድስቱን ከፈተ።

መጋቢት መጀመሪያ ላይ እመጣለሁ፣ ልወልድ። ጋሼንም አብሬዎት አስታምማለሁ። አራስነቴ ሲያበቃ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። መላኩ የራሱን ሁለት መስመር ልጨምር ብሏል፤ እጁ እንደ ጋሼ አያምርምና ይታገሡት።

ልጅዎ ገሊላ

ለክብርት እትዬ አትጠገብ፤ መላኩ ነኝ። የጻፉትን ሁሉ አንብቤያለሁ፣ አይቆጡ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቴ እንግዳ ያስቀመጥኩ ይመስለኝ ነበር፤ እንግዳ ምን ቢከፋው አይናገርምና። ዓርብ ዕለት ጮኸችብኝ፣ ሚስት እንዳለኝ አወቅሁ። አልመለስም ብላ እንደነበርም ነገረችኝ። ይህን ባትነግረኝ ዕቃዋን በገዛ እጄ ጭኜ፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ ብዬ፣ መኪናው ከዓይኔ እስኪሰወር እጄን እያወዛወዝኩ እሸኛት ነበር። እየሳቅሁ፣ እትዬ። እየሳቅሁ ነበር የምሸኛት።